ስልኩ ለሽንኩርት ዋጋ ብቻ ለምን ይጮኻል?

የሸዋሮቢትን ገበሬና ነጋዴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በሽንኩርት ወቅት ስልክ ከእጁ አይወርድም። ደላላው ከአዲስ አበባ ይደውላል፣ ሾፌሩ ከደብረ ሲና ይደውላል። አጎቴም እንደዚሁ ነበር። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውላል፤ ነገር ግን አንድም ቀን ደውሎ «ደሙ ቆመልዎት ወይ?» ብሎ የጠየቀው የጤና ባለሙያ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

አጎቴ ሰገራው ላይ ደም ማየት ሲጀምር «ኪንታሮት ነው ልጄ፣ የቆላ ሙቀት ያመጣው» አለኝ። ሲብስበት ታከመ፣ የአሜባ መድኃኒት ተሰጠው። ተሻለኝ አለ። ከወራት በኋላ ተመለሰበት፤ ያንኑ ኪኒን ደግሞ ዋጠ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ከመንፈቅ ነጎደ። አዲስ አበባ ወስደነው የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ በሽታው ጉበቱ ጋ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየልንም።

ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በይፋት ቆላ ቢልሃርዝያ፣ አሜባና የአንጀት ትላትል የታወቁ ናቸው። ሰገራ ላይ ደም ያየ ባለሙያ አስቀድሞ እነዚህን ቢያስብ አይፈረድበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ችግሩ የመጀመሪያው ግምት ላይ ሳይሆን፣ በሽተኛው ሳይሻለው ሲቀር «ተመለስ» ብሎ የሚጠራው አለመኖሩ ላይ ነው።

እንደሚታወቀው የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይይዛል። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ሲሆን፣ እብጠቱ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ 10 ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ስለሆነም ቀድሞ ከተደረሰበት ይድናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 የቅድመ ምርመራው መነሻ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ ብሏል። የሰገራ መመርመሪያውን በፖስታ ቤት ድረስ መላክና በስልክ መልእክት ማስታወስም በብዙ ቦታ የተለመደ ሲሆን፣ የሚመረመረውን ሰው ቁጥር በመጠኑም ቢሆን እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል።

ታዲያ እኛም እንደዚያው ሁሉንም ሰው እንጥራ? በእኔ አስተያየት አይሆንም። አንደኛ፣ የሰገራ ደም ምርመራው ቢልሃርዝያ ያመጣውን ደም ካንሰር ካመጣው አይለይም። ሁለተኛ፣ ደሙ የተገኘበት ሁሉ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ የሚሠራው እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች እንጂ በየጤና ጣቢያው አይደለም። ሸዋሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አገልግሎት በሌለበት ሰውን መጥራት ማስደንገጥ ብቻ ነው።

የእኔ ሐሳብ ከዚህ ያነሰ ነው። ዕድሜው 45 የሞላና ሰገራው ላይ ደም አይቶ የታከመ ሰው ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከአራት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያው ይደውልለት። ደሙ ካልቆመ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ደም ማነስ ከታየበት ሌላ ኪኒን ሳይሆን ሪፈር ይጻፍለት። ለዚህ ምን ያስፈልጋል? አንድ ደብተርና አንድ ስልክ! ሥራው ሲለመድ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተሰማሩ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሊከታተሉት ይችላሉ።

«ገበሬው መልእክት ማንበብ አይችልም» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልሱ ድምፅ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬው 8028 ደውሎ የእርሻ ምክር በቋንቋው ሲያዳምጥ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜም የስልክ ጥሪው ራሱ «እጃችሁን ታጠቡ» ይለን አልነበረም እንዴ? ለእርሻና ለኮሮና የሆነ ለአንጀት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ። በአንድ ቤት አንድ ስልክ ለሚስትም ለልጅም ነው፤ የሰገራ ነገር ደግሞ የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ካነሳው «ለቀጠሮዎ ይምጡ» ከማለት ያለፈ መባል የለበትም። ሌላው፣ ነገሩን በኢንተርኔት ላይ ባንመሠርተው ይሻላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን አንረሳውም። በአፕሊኬሽን ላይ የቆመ ሥራ ያኔ ሁሉ ይቆም ነበር።

ስልክ ካንሰር አያድንም፤ መንገዱንም አያሳጥርም። አጎቴ ግን ያጣው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበር፤ ያንን ጊዜ አንድ የሁለት ደቂቃ ጥሪ ሊያተርፍለት ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ጤና ጣቢያ ስንወጣ ቢያንስ ይህን እንልመድ፤ ካርድ ስንሞላ የስልክ ቁጥሩን ቦታ ባዶ አንተወው። መምህራኖቻችንም ቢያስቡበት መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።