ብስክሌታችንን የት እናቁም?

በአዲስ አበባ፣ በሜክሲኮና በሰንጋ ተራ ለሚገኙ የባንክ፣ የኢንሹራንስና የሕንጻ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰንጋ ተራን ዛሬ የአገሪቱ የገንዘብ ሰፈር ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁ። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዙሪያውንም ሌሎች ባንኮች ሕንጻቸውን ደርድረዋል። በ2016 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ወሎ ሰፈር የሚዘልቀው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ የብስክሌት መስመር ተሠራለት። ከተማው የድርሻውን እስከ ደጃችሁ አድርሷል። ከመንገዱ እስከ በራችሁ ያለችው ጥቂት እርምጃ ግን የእናንተ ናት፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

በአንደኛው ሕንጻ በር ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጉዳይ ይዤ በብስክሌት ደረስኩ። ጥበቃው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሳይክል አይገባም» አሉኝ። ከኋላዬ የመጣው መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሆዱ በመስታወት ታይቶ ወደ ምድር ቤቱ ፓርኪንግ ወረደ። «እሺ አባቴ፣ እንግዲያው ከአጥሩ ብረት ጋር ልሰራት» ብል እሱም ክልክል ነው። አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም አፈሩ። «እኔ ምን ላድርግ፣ የታዘዝኩት ነው። እኔም እኮ ሌሊት ተነስቼ በእግሬ ነው የምመጣው» አሉኝ። በመጨረሻ ማዶ ያለውን ሊስትሮ ለምኜ፣ ብስክሌቴን ከሳጥኑ አጠገብ አቁሜ ገባሁ።

እሳቸውን አልወቅስም። ትእዛዙ የወጣው ከላይ ነው።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ወረድ ብላችሁ የትራንስፖርት ሰልፉን እዩት። የደንብ ልብሷን ያላወለቀች ገንዘብ ከፋይ፣ ሕንጻውን የምታጸዳው እናት፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ልጅ፣ ሁሉም የእናንተ ሰዎች ናቸው። ዝናብ ሲጥል ሰልፉ ይበተንና ግፊያ ይሆናል። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው፤ ምድር ቤታችሁ ግን ሙሉ በሙሉ ለመኪና ተሰጥቷል። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ ስምንትና ከዚያም በላይ ብስክሌት ይቆማል።

ስለ ሠራተኞች ብድርም ላንሳ። ብዙዎቻችሁ ለሠራተኞቻችሁ በአነስተኛ ወለድ የቤትና የመኪና ብድር ትሰጣላችሁ፤ ደግ ነገር ነው። የመኪናው ብድር ግን የሚደርሰው ደመወዙ ለሚችለው ነው። ብስክሌት ለመግዣ የሚሆን፣ ከወር ደመወዝ በትንሽ በትንሹ የሚቆረጥ ብድር ብትጨምሩ ዝቅተኛው ደመወዝተኛም ይደርሰዋል።

ዳገቱን አልክድም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚመለስ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ክረምቱም ይከብዳል። ከሳር ቤት፣ ከልደታና ከቄራ ለሚመጣው ግን መንገዱ አጭር ነው። ላቡም ቢሆን አንድ ቧንቧና ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይፈታዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ በብስክሌት መስመሩ ላይ መኪና አታስቁሙ። «ደንበኛ ነው፣ አንድ ደቂቃ ነው» ይባላል። በዚያች አንድ ደቂቃ ብስክሌተኛው መስመሩን ትቶ በሚኒባስና በአውቶቡስ መሀል ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ሰው ይሞታል።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ሲጀመር ለመኪና በተዘጋ አስፋልት ላይ ልጆችና ጎልማሶች በብስክሌት ሲፈስሱ አይተናል። ያ ሁሉ ሰው ሰኞ ጠዋት የት ይሄዳል? ወደ ሥራው ነዋ፤ ግማሹም ወደ እናንተ።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ከፓርኪንጋችሁ የሁለት መኪና ቦታ ልቀቁና ጥበቃው ከሚያየው ስፍራ ጠንካራ የብስክሌት ማሰሪያ ብረት ትከሉ። ብስክሌት ይዞ የመጣ ባለጉዳይ እንደ ማንኛውም ሰው ተፈትሾ እንዲገባ ለጥበቃዎቻችሁ አዲስ ትእዛዝ ስጡ። ትእዛዙን ስትሰጡም እነሱን ራሳቸውን ጠይቋቸው፤ ብስክሌት ቢኖራቸው ስንቶቹ በእሱ ይመጡ እንደነበር ይነግሯችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ