ማኅተሙ ባልየው ኪስ ነው

በተመረጡ ሴቶች ወንበር ላይ ባሎቻቸው እየተቀመጡ ያስቸገሩት የህንድ የፓንቻያት (የመንደር ምክር ቤት) ሚኒስቴር መድኃኒቱን አግኝቷል። ሚኒስቴሩ ያቋቋመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ጥፋተኞች ይቀጡ ይላል፤ ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሴቶቹ ስብሰባ መምራትን በቪአር (ምናባዊ እውነታ) መነጽር ይለማመዱ፤ ለሕግ ጥያቄያቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየቋንቋቸው መልስ ይስጣቸው፤ ከሹማምንቱ ጋር በዋትስአፕ ግሩፕ ይገናኙ።

መነጽሩን ባልየው ቢያጠልቀውስ?

ህንዶች ለዚህ ሰው ስም ካወጡለት ቆይተዋል፤ «ሳርፓንች ፓቲ» ይሉታል፣ የሊቀመንበሯ ባል ማለት ነው። የምትመረጠው እሷ፣ ስብሰባ የሚመራው እሱ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የአማርኛ ተረት እዚያ መንደር ያስተዳድራል። ሕገ መንግሥቱ ከ1993 ጀምሮ ቢያንስ ሲሶውን የመንደር ምክር ቤት ወንበር ለሴቶች ለይቷል፤ ከ20 በላይ ግዛቶች ደግሞ ግማሹን ሰጥተዋል። ዛሬ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች ተመራጮች ናቸው። ነባሮቹ የአዲቫሲ ሕዝቦች በሚኖሩበት አካባቢ ወንበሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ በ1996 የወጣ ሕግ መሬት ከመወሰዱ በፊት መንደሩ እንዲጠየቅ ያዛል፣ አነስተኛውን የደን ውጤትም ለመንደሩ ይሰጣል። ባልየው የሚሻማው እንግዲህ ይህን ሥልጣን ነው።

ቴክኖሎጂው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ መንደር ከገባ ቆይቷል። የፓንቻያቱ ገንዘብ የሚወጣው በኢንተርኔት፣ በሊቀመንበሯና በጸሐፊው ዲጂታል ፊርማ ነው። ፊርማው ያለው ፍላሽ በምታክል ቁልፍ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካለች፣ የምስጢር ቁጥሩ ይገባል፣ ክፍያው ይሄዳል። የሰካት እጅ የሴት ይሁን የወንድ ማሽኑ አይጠይቅም። ድሮ ባልየው በሚስቱ ስም ለመፈረም እጅ ጽሑፏን ማስመሰል ነበረበት፤ አሁን ቁልፏን ኪሱ ከከተተና የምስጢር ቁጥሩን ካወቀ ይበቃዋል። ዲጂታል ማድረግ ማለት ይህ ከሆነ፣ ሥራ የቀለለው ለማን ነው?

ዋትስአፑስ? በ2019–21 የተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የገጠር ሴቶች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ሞባይል የነበራቸው ከግማሽ በታች ናቸው። ግሩፑ ውስጥ «እሺ ጌታዬ» እያለ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «በየቋንቋቸው» የተባለውም ቢሆን ሲናገሩት ይቀላል፤ በ2011 ቆጠራ 3 ሚሊዮን ገደማ ተናጋሪ የነበረው ጎንዲ ሕገ መንግሥቱ ከዘረዘራቸው 22 ቋንቋዎች ውስጥ እንኳ አልገባም።

ሪፖርቱ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ ከሕዝቧ ሲሶ የሚጠጋው አዲቫሲ በሆነባት ቻቲስጋር ግዛት፣ ፓራስዋራ በምትባል መንደር ቃለ መሐላ ተፈጸመ። ስድስት ሴቶች ተመርጠዋል፤ የማሉት ግን ስድስቱ ባሎቻቸው ናቸው። ይህ የመነጽር ልምምድ ጉድለት ነው? ሴቶቹ መማል አቅቷቸው ነው? በዚያ ቀን እርባና ያለው ሥራ የሠራው መሣሪያ አንድ ተራ የስልክ ካሜራ ነበር፤ ቪዲዮው አገር ካዳረሰ በኋላ የፓንቻያቱ ጸሐፊ ከሥራ ታገደ።

የኮሚቴው ስህተት ሴቶቹን አላዋቂ፣ ባሎቹን ደግሞ ቸር አስጠኚ አድርጎ ማየቱ ነው። የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ድሩፓዲ ሙርሙን ተመልከቱ፤ ከአዲቫሲዎቹ አንዱ የሆነው የሳንታል ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው። ፖለቲካን የጀመሩት በ1997 በራይራንግፑር ከተማ ምክር ቤት፣ ለሴቶች በተለየ ወንበር ነው። ያኔ የቪአር ልምምድም ዋትስአፕም አልነበራቸውም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ራሳቸው ነበሩ።

ሚኒስቴሩ ገንዘብ ካለው መነጽሩን ይተወውና በስብሰባ ቀን በር ላይ ቆሞ ባልየውን ወደ ቤቱ የሚመልስ አንድ ዘበኛ ይቅጠር።