ቆዳ ከማሳደግ በፊት መለካት

በገጠራችን የማብሰያ እሳት ብዙውን ጊዜ ከመሬት ላይ የሚነድ እንደ መሆኑ መጠን፣ በቃጠሎ ከሚጎዱት ወገኖቻችን መካከል ሕፃናት በርካታ ናቸው፡፡ ቃጠሎው ጠልቆ የገባ እንደ ሆነ ሐኪሞች ከታማሚው ጤነኛ የሰውነት ክፍል ስስ ቆዳ ልጠው በቁስሉ ላይ ይተክላሉ፡፡ አብዛኛው ገላው በተቃጠለ ሕፃን ላይ ግን የሚላጠው ቆዳ ከወዴት ይመጣል? የሕብረ ሕዋስ ምህንድስና፣ በተለምዶ ቲሹ ኢንጂነሪንግ የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ፣ ሊመልሳቸው ከሚጥራቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፡፡ ራይንዋልድና ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ቆዳ ሕዋሳትን ከሰውነት ውጭ በብዛት ማራባት እንደሚቻል በ1975 እ.ኤ.አ. ካሳዩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል፡፡

ይህ ዕውቀት በባሕር ዳር ሥር እንዲሰድ ምን ይቅደም ቢባል ብዙ ሰው የሚጠራው ውድ ቤተ ሙከራ፣ ንጹሕ ክፍልና ከውጭ የሚመጣ ሕዋስ ነው፡፡ እኛ ግን አስቀድሞ መለኪያው ይምጣ እንላለን፡፡ መለኪያ ስንል ባዮሴንሰርን ማለታችን ነው፡፡

ምክንያታችንን ለማስረዳት ሕብረ ሕዋስ እንዴት እንደሚያድግ መመልከት ይገባል፡፡ ግንበኛ በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ቆሞ እንደሚሠራ ሁሉ ሕዋሳትም ተጣብቀው የሚያድጉበት ርብራብ ይዘጋጅላቸዋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከኮላጅን ወይም ከሌላ ፖሊመር የተሠራ ነው፡፡ ከዚያም በምግብ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ፡፡ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛው ሕዋስ ከደም ሥር የሚርቀው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ ኦክስጅን ከዚያ አልፎ በበቂ መጠን ሊሰርግ አይችልምና፡፡ ደም ሥር የሌለው ሰው ሠራሽ ሕብረ ሕዋስ ሲወፍር ከላይ ያማረ፣ መሐሉ ግን የታፈነ ሊሆን ይችላል፡፡ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል፤ የተቆረጠው ግን ለታማሚው አይሆንም፡፡ ሳይቆርጡ ለማወቅ የሚበላውን ግሉኮስና ኦክስጅን፣ የሚያስወጣውንም ላክቲክ አሲድ በየደቂቃው መከታተል ያስፈልጋል፡፡

የዚህ ጥበብ አባት ሊላንድ ክላርክ ይባላል፡፡ በ1956 እ.ኤ.አ. በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ የኦክስጅን ኤሌክትሮድ አስተዋወቀ፡፡ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሊዮንስ ጋር ሆኖ በዚያው ኤሌክትሮድ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም አኖረበት፡፡ ኢንዛይሙ ግሉኮስን ሲያቃጥል ኦክስጅን ይጎድላል፤ የጎደለው ኦክስጅን በኤሌክትሪክ ፍሰት ይነበባል፤ ከዚያም የግሉኮሱ መጠን ይታወቃል፡፡ የስኳር ሕመምተኛ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በየቤታችሁ የምታውቋት ትንሿ የደም ስኳር መለኪያ የዚህ ሐሳብ ልጅ ናት፡፡

መለኪያው ይቅደም ያልንበት ዋናው ምክንያት ግን የምንኖርበት ምድር ነው፡፡ ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፡፡ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፡፡ የኦክስጅኑ ድርሻ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ቢሆንም፣ በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ግን እዚህ በአንድ አምስተኛ ያንሳል፡፡ በአካባቢያችን አየር የተስተካከለ ኤሌክትሮድ «100 በመቶ ሙሌት» ብሎ ሲያነብ፣ ይህ መቶ ቦስተን ላይ ከተነበበው መቶ ጋር አንድ አይደለም፡፡ የሕዋስ ማሳደጊያ ሣጥኑም እንዲሁ ነው፡፡ መመሪያው 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይላል፤ እኛ 5 ብለን ብንሞላ የጋዙ ግፊት ስለሚያንስ የፈሳሹ ፒኤች በ0.1 ያህል ከፍ ይላል፡፡ ለማካካስ ወደ 6 በመቶ መጠጋት ይገባል፡፡ ይህን በመመሪያው ገጽ ላይ የሚያገኝ ተማሪ ጥቂት ነው፡፡ የባሕር ወለል መመሪያ ይዞ ሳይለካ የሚሠራ ሰው ሙከራው ሲከሽፍበት ሕዋሱን ይወቅሳል፤ መብራት ጠፍቶ ሣጥኑ በቀዘቀዘባት ሌሊት ምን እንደ ደረሰም የሚነግረው የለም፡፡

እዚህ ላይ «ርብራቡስ?» የሚል አይጠፋም፡፡ እርሱማ ከደጃችን ነው፡፡ በጣና ዳርቻ ዓሣ አሥጋሪዎች የቆሮሶውን ሥጋ ካወጡ በኋላ የሚጥሉትን ትርፍራፊ ፔሊካኖች ይሻሙበታል፡፡ የቆሮሶ ቆዳ በኮላጅን የበለጸገ ነው፤ ኮላጅኑም ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሦች ኮላጅን ይልቅ ሙቀት ይችላል፡፡ በብራዚል ፎርታሌዛ ከተማ ሐኪሞች ከጀርም የጸዳ የቆሮሶ ቆዳ ለቃጠሎ ቁስል መሸፈኛነት ሞክረው መልካም ውጤት አግኝተዋል፡፡ ይሁን እንጂ ያ መሸፈኛ ነው፤ የታማሚው ቆዳ አይሆንም፡፡ ጥሬ ዕቃው ስለ ተገኘ ብቻ ሥራው የተጠናቀቀ የሚመስለን ከሆነ ተሳስተናል፡፡

ባዮሴንሰርም ቢሆን ድክመት አለበት፡፡ ኢንዛይሙ በቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ ከምግብ ፈሳሹ የሚመጣው ፕሮቲን የኤሌክትሮዱን ፊት ይሸፍነዋል፤ ንባቡም ቀስ በቀስ ይዛባል፡፡ ሕብረ ሕዋስ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፡፡ ይህ ችግር በሀብታም ሀገራትም ገና ያልተፈታ በመሆኑ እኛም ልንሳተፍበት የምንችለው ነው፡፡ የሀገራችን ኬሚስቶች ኤሌክትሮድን በፖሊመር ለብጠው በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የሚለኩበትን ዘዴ ካሳተሙ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ በመለኪያው ላይ ኢንዛይም ስላልነበረ ባዮሴንሰር አንለውም፤ የእጁ ሙያ ግን ያው ነው፡፡

ስለዚህ የምንጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም፡፡ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪዎች በጋራ የሚሠሩት አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በክላርክ ኤሌክትሮድ ይጀምር፡፡ በጣና ውኃና በምግብ ፈሳሽ ውስጥ፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ፣ በዚሁ በ1,800 ሜትር አየር ይስተካከል፡፡ ቀጥሎ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይጨመርበትና ኢንዛይሙ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይመዝገብ፡፡ ከዚያ የቆሮሶ ኮላጅን በሚሊሜትር ውፍረት ተዘጋጅቶ፣ ሕዋስ ሳይኖርበት፣ ኦክስጅን በምን ያህል ጊዜ እንደሚሰርግበት ይለካ፡፡ ሕዋሱ ሲመጣ ቁጥሮቹ ይጠብቁታል፡፡