ግንቡን የሚጥለው ማን ነው?

የድጋፍ ግንብ በክረምት በፈረሰ ቁጥር «ዝናቡ በዛ» ይባላል። ለመሆኑ የአዲስ አበባ ክረምት ዝናባም መሆኑን የማያውቅ ግንበኛ አለን? ጥፋተኛው ዝናቡ ሳይሆን ለውሃው መውጫ የነፈገው ሰው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። 3 ሜትር ቁመት ካለው ግንብ በስተኋላ ውሃ እስከ ጫፉ ቢጠራቀም፣ ውሃው ብቻውን እያንዳንዱን ሜትር ግንብ በ4.5 ቶን ይገፋዋል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መረሬ አፈር ከተሞላበት ደግሞ፣ ሲርስ ስለሚያብጥ ነገሩን ያብሰዋል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መረሬውን አውጥቶ በምትኩ ጠጠር መሙላት፣ በግንቡ ውስጥ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ቱቦዎች ማሳለፍ፣ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር። ነገር ግን ጠጠሩ አፈር ከለበሰ በኋላ አይታይም፤ የማይታይ ሥራም ለሌባ ይመቻል።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በዓይኑ ሳያይ አፈር አይመለስ እንላለን። ገንዘብ የቆጠበው ባለቤት የሚኖረው ከላይ ነው፤ ግንቡ የሚወድቀው ግን ከታች ባለው ጎረቤት ላይ ነው። የነገ መሐንዲሶች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፣ ያላያችሁትን አትፈርሙ!