እርምን በመርፌና በክር ማውጣት



በስደት ምድር መርዶ የሚመጣው በስልክ ነው። ድንኳን አይተከልም፤ ለቀስተኛ አይመጣም፤ ነጠላ አዘቅዝቆ ሠልስት መቀመጥም የለም። ሐዘንተኛዋ ፊቷን ታጥባ ወደ አሠሪዋ ወጥ ቤት ትመለሳለች። የእናቷን ሞት እንዲህ የሰማች አንዲት እህታችን ከወራት በኋላ መጥታ «አባ፣ እርሜን አላወጣሁም» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ ጽኚ፤ ጸልዪ» ብዬ አሰናበትኋት። ምክሬ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነበር።

በሙታን መታሰቢያ ዕለት ግን ሌሊት ሌሊት የጠለፈችውን የመሠዊያ ልብስ ይዛ መጣች። በመካከሉ መስቀል፣ በጠርዙ ዙሪያ ከእናቷ ነጠላ ጥለት በትዝታ የቀዳችው ሐረግ ነበረበት። «የግል ሐዘን ወደ መሠዊያ አይወጣም» ያሉ ምእመናን ነበሩ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ጣቢታ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ እርሷ የሠራችላቸውን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ አሳዩት (የሐዋ. 9፥39)። ሐዘናቸው የተናገረው በጨርቅ ነበር፤ ሐዋርያውም አልነቀፋቸውም፤ ተንበርክኮ ጸለየ እንጂ። በአገራችንም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው፣ ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጠው የሐር መጋረጃ ለመቅደስ የተሠራ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉት ከአፄ በካፋ ሞትና ከእቴጌ ምንትዋብ ሐዘን ጋር ያያይዙታል። እቴጌይቱ ሐዘናቸውን ወደ መቅደስ ካስገቡ፣ የቤት ሠራተኛዋ ልጃችን ስለምን ትከለከላለች?

እርግጥ ነው፣ መሠዊያው የክርስቶስ ነው። የሟች ፎቶግራፍ ወይም ስም የሚለጠፍበት ሰሌዳ አይደለም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ጨርቁም ስለ ምልክቱም ካህናችሁን አማክሩ። ነገር ግን በቅዳሴ ኅብስቱንና ወይኑን ስናቀርብ የእጃችንን ሥራ እንደምናቀርብ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ ያለውን እንባም አብረን ልናቀርብ እንችላለን።

ያቺ እህት ልብሱ በመሠዊያው ላይ ሲነጠፍ አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶችም አቀፏት፤ አብረዋትም አለቀሱ። ለቀስተኞቿን ያገኘችው በዚያን ዕለት ነው።

እኛም እረኞች «ጽኑ» ከማለታችን በፊት ምእመናን የሚያለቅሱበትን ስፍራ እናዘጋጅ።

የጌታችን ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።