ውሉ የጠፋበት ልቃቂት



በአንድ የዕረፍት ቀን ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንዲት እኅት የደረሰባትን ስታጫውተን ቆየች። ደላላውን፣ ያልተከፈላትን የሰባት ወር ደመወዝ፣ አገር ቤት በስሟ የተወሰደውን ብድር፣ ሁሉንም በየተራ አነሣችው። በመጨረሻ ግን «ምን አደርጋለሁ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብላ ወሬውን ዘጋችው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ይህን ቃል ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም። ወደ አረብ አገር ከመጣን ወዲህ ደግሞ የአረቦቹን «መክቱብ» ጨምረንበታል። (ለነገሩ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ዕድሏን ብቻ አርባ ቀን ላይ የሚጽፍባት ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

እኔም እንደ ሌሎቹ ራሴን ብነቀንቅም አንድ ነገር ከነከነኝ። ደላላው ስም አለው። ብድሩን በስሟ የወሰደው ሰውም ስም አለው። ደመወዟን የያዘባትም እንዲሁ። ሦስቱም «ዕድሌ ነው» ከምትለው አንዲት ቃል ኋላ ተሰውረው ቀሩ።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ከዓመታት በፊት ያየሁት አንድ የጣሊያን ፊልም ትዝ አለኝና ፈልጌ እንደገና አየሁት። የፊልም ወሬ በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ ምን ይሠራል የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ፤ የታሪኩ መቋጠሪያ አንዲት የቤት ሠራተኛ ናት።

ፊልሙ «ኡን ማሌዴቶ ኢምብሮልዮ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የተረገመ ውስብስብ ነገር» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። ያዘጋጀው ፒዬትሮ ጄርሚ፣ መርማሪውን ኢንግራቫሎን ሆኖ የሚጫወተውም ራሱ ነው። ሠራተኛዋን አሱንቲናን ሆና የምትታየው ክላውዲያ ካርዲናሌ ናት። ይህች ሴት በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀች ብትሆንም የተወለደችው ቱኒዝያ ውስጥ፣ ዘራቸው ከሲሲሊ ከሆነ ቤተሰብ ነው። ያደገችው በፈረንሳይኛ ነበርና ጣሊያንኛዋ አልጠና ብሎ በመጀመሪያዎቹ የጣሊያን ፊልሞቿ ብዙ ጊዜ ድምፅዋ በሌላ ሴት ድምፅ ይተካ ነበር። በገዛ ድምፅዋ መሰማት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1963 በፌሊኒ ፊልም ነው። በሰው ቋንቋ መንተባተብ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 በ87 ዓመቷ ዐርፋለች።

ታሪኩ የሚጀምረው ሮም ከተማ፣ ፋርኔዜ በሚባለው አደባባይ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሌባ ብቻውን ከሚኖር አንድ ሰው ቤት ይገባል፤ ሲያመልጥም ይተኩሳል። ፖሊስ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ጥርጣሬው በማን ላይ የሚያርፍ ይመስላችኋል? ፊት ለፊት ካለው ከነባንዱቺ ቤት በምትሠራው ልጅና ከእጅ ወደ አፍ በሚኖረው እጮኛዋ በዲዮሜዴ ላይ ነው። ዲዮሜዴ ግን በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ ስለ ተረጋገጠ ይለቀቃል። ጥቂት ቀናት ያልፋሉ። ከዚያም በዚያው ደረጃ ላይ፣ ከተሰረቀው ቤት ፊት ለፊት፣ የባንዱቺ ሚስት ወይዘሮ ሊሊያና ተገድላ ትገኛለች።

እዚህ ላይ መርማሪው ፊቱን ወደ ጌቶቹ ያዞራል፤ ፊልሙም ኃይሉ ያለው በዚህ ክፍል ነው። ባልየው የተከበረ ሰው ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ቀድሞ በዚያው ቤት ታገለግል ከነበረች ወጣት ጋር ድብቅ ግንኙነት እንዳለው ይታወቃል። ሬሳውን ያገኘው የሟቿ ዘመድ ሐኪም ነው፤ እርሱም ከሟቿ ጋር የገንዘብ ነገር ነበረው። እያንዳንዱ በር ሲከፈት ከኋላው አንድ ነውር አለ። ሐዘኑ እውነት ይሁን ለይስሙላ የማይታወቅ ሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ደረጃው ጠባብ፣ ጥላው ወፍራም ነው። ቀለም ቢኖረው ኖሮ ዓይናችን በዕቃውና በልብሱ ይማረክ ነበር፤ ያለ ቀለም ግን ፊት ብቻ ነው የሚታየን፤ የሚዋሽ ፊትና የሚፈራ ፊት። ኢንግራቫሎ ራሱ ከጥቁር መነጽሩ ኋላ ሆኖ እነዚህን ፊቶች ሲያይ ድካሙ እኛ ላይ ይጋባል። እኔ ፖሊስ የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ሰው ግን ወደድሁት። ነገሩን ቶሎ ዘግቶ ለመገላገል አይቸኩልም።

መጨረሻውን ስለምናገር ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳልናገር ሐሳቤን መግለጽ አልችልም። ገዳዩ ዲዮሜዴ ነው። በአሱንቲና በኩል ባገኘው ቁልፍ ሊሰርቅ ገባ፤ ወይዘሮዋ ድንገት ፊቱ ቆመች፤ ወጋት። ሊገድል አልመጣም ነበር። ልጅቷም እመቤቷ እንድትሞት አልፈለገችም። ማንም ያልፈለገው ነገር ሆነ።

ይህን ያየ ሰው «በቃ፣ ተጽፎባት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ድህነቱ ገፋ፣ ጋብቻው ገንዘብ ጠየቀ፣ ቁልፉ እጅ ላይ ነበረ፣ ሴትዮዋ በዚያች ሰዓት ቤት ተገኘች። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ከሆነው በቀር ሌላ ነገር ሊሆን የማይችል ይመስላል። ፈላስፎችም እንዲህ ያስተማሩ አሉ፤ ሁሉም ነገር ከእርሱ በፊት በነበረው ነገር ተገፍቶ ስለሚመጣ ሰው መረጥሁ ቢልም የመረጠው ነገር የለም ይላሉ።

ነገር ግን ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ነገሩን ያየው በሌላ መንገድ ነው። ካርሎ ኤሚሊዮ ጋዳ ይባላል፤ የሚላኖ ሰው፣ በሙያው መሐንዲስ፣ እንደ እኛ ለሥራ ብሎ ባሕር ተሻግሮ አርጀንቲና ድረስ የሄደ ሰው ነበር። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን ታሪኩን ያስቀመጠው በሙሶሊኒ ዘመን፣ በ1927 ነው፤ ጄርሚ ወደ ራሱ ዘመን አመጣው። በመጽሐፉ ውስጥ መርማሪው ኢንግራቫሎ ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ሐሳብ አለው። ድንገተኛ መከራ በአንድ ምክንያት ብቻ አይመጣም፤ ብዙ ምክንያቶች እንደ አዙሪት ተሰብስበው ነው የሚወልዱት ይላል። ለዚህ የሚጠቀምበት ቃል የመንደር ቃል ነው፤ የተወሳሰበ የክር ድቡልቡል ማለት ነው። እኛ ልቃቂት የምንለው። እናቶቻችን ሲፈትሉ አይተን የለም? ልቃቂት ውሉ ከጠፋ የሚጥለው ሰነፍ ነው፤ የምታውቀው እናት ግን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በጥፍሯ እየፈለገች፣ ውሉን ታወጣዋለች።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። «ዕድሌ ነው» የሚል ሰው ለመከራው አንድ ምክንያት ብቻ ይሰጣል። ቀለበት ሲጠፋ «ሠራተኛዋ ናት» የምትል ማዳምም አንድ ምክንያት ብቻ ነው የምትሰጠው። አንደኛዋ ተበዳይ ናት፣ ሁለተኛዋ በዳይ። የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው፤ ልቃቂቱን ውሉን ሳይፈልጉ ይጥሉታል። ቀለበቷን ልጇ ወስዶት ይሆናል፣ ራሷ መታጠቢያ ቤት ረስታው ይሆናል፣ ባሏ ሸጦት ይሆናል። ይህን ሁሉ መጠየቅ ያስፍራል። «ሠራተኛዋ ናት» ማለት ግን ለማንም አያስፈራም። እኛም ደላላውን፣ የገዛ ወንድማችንን፣ አንዳንዴም የራሳችንን ችኮላ ከመጠየቅ ይልቅ ዕድልን መውቀስ ይቀልለናል፤ ዕድል መልስ አይሰጥማ።

በፊልሙ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። መጽሐፉ ገዳዩን በግልጽ ሳይነግረን ያበቃል። በመጨረሻው ገጽ መርማሪው ከሠራተኛዋ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል፤ እርሷም እኔ አይደለሁም ብላ ትጮኻለች፤ በፊቷ ላይ ያየው ቁጣ እርሱኑ ቆም ብሎ እንዲያስብ፣ ሊጸጸትም ምንም እንዳይቀረው ያደርገዋል። ጄርሚ ግን ታሪኩን ቋጨው፤ ሲቋጨውም የድሃዋ ልጅ እጮኛ ላይ ቋጨው። ያን ሁሉ የጌቶች ነውር ከፍቶ ካሳየን በኋላ በፖሊስ መኪና የሚጫነው ዲዮሜዴ ነው። ታዲያ ማዳሞቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው? ያለ ጥፋቷ ቦርሳዋ የተበረበረባት እኅት ይህን ብታይ ያማታል፤ እኔንም አሞኛል። ለጄርሚ ልከራከርለት ካስፈለገ የምለው አንድ ነገር አለ። ገዳዩን ቢያሳየንም ሌሎቹን ንጹሓን አድርጎ አልለቀቃቸውም። ባልየው በሕግ ነጻ ነው፤ ካየነው በኋላ ግን ማናችንም ልንጨብጠው አንወድም።

በሴሚናሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ስለዚህ ጉዳይ ሲያስተምሩን ተራራ ላይ የቆመ ሰውን ምሳሌ ያመጡ ነበር። ከላይ ሆኖ ሁለት መንገደኞች ከሁለት አቅጣጫ ሲመጡ ያያል፤ እንደሚገናኙም ያውቃል፤ ያገናኛቸው ግን የእርሱ ማየት አይደለም፤ የሄዱት በገዛ እግራቸው ነው። እግዚአብሔርም አስቀድሞ ማወቁ ሰውን አያስገድደውም፤ እሳትና ውኃ በፊትህ ነው፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ ይሉን ነበር። ይህን አምናለሁ። አሱንቲናም ቁልፉ እጇ ላይ በነበረበት ሰዓት እጇ የራሷ ነበረ ብዬ አስባለሁ።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ይህንኑ ለእኅቶች ስተርክ እንዲህ በድፍረት ነበር የተናገርሁት። ያቺ የሰባት ወር ደመወዝ ያልተከፈላት እኅትም ነበረች። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «ቁልፍ ነበራት ነው የምትለኝ?» አለችኝ።

«አዎን፣ ነበራት።»

«እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ቁልፍ ይዤ አላውቅም። ሲወጡ ከውጭ ቆልፈውብኝ ነው የሚሄዱት።»

ምን ልመልስ? ስለ ምርጫ መናገር በሩ ክፍት ለሆነ ሰው ቀላል ነው። የአሱንቲና ችግር የቁልፉ መኖር ነበረ፤ የዚህችኛዋ ደግሞ አለመኖሩ። እኔ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላስቀምጥ ነበር። አፈርሁ። አጠገቧ የተቀመጠች ሌላ እኅት ነገሩን ለማብረድ ብላ «እንግዲህ እርሱም የአርባ ቀን ዕድል ነው» አለች።

«ዕድል ቁልፍ አይዝም» አለች የመጀመሪያዋ። «ማዳም ናት የምትይዘው። በቀኝ ኪሷ።»

ከሳቁ በኋላ የደላላውን ስም ወረቀት ላይ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ የብድሩንም ቀን፣ ደመወዝ የቀረበትን የመጀመሪያ ወርም ነገረችኝ። እየቆጠረች ስትነግረኝ አንዱንም አልሳተችም። ሁሉም በአእምሮዋ ነበረ። ወረቀቱን ለአባ ሰጥተናቸዋል፤ ነገሩ ገና አላለቀም።

ከዚያ የፊልሙን መጨረሻ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ዲዮሜዴን ይዘው መኪና ውስጥ ያስገቡታል። መኪናው ይንቀሳቀሳል። አሱንቲና እየጮኸች ከኋላ ትሮጣለች፤ በሮም መንደር ቋንቋ አንድ የፍቅር ዘፈን ይሰማል። ዘፋኟ አሊዳ ኬሊ የሙዚቃው ደራሲ የካርሎ ሩስቲኬሊ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና ልጅ ነበረች፣ ድምፅዋ ግን የትልቅ ሴት ነው። መኪናው ይርቃል፤ ልጅቷ ትሮጣለች።

«ከዚያስ?» አለች ቁልፍ የሌላት እኅት።

«ከዚያ አለቀ» አልኋት።

«እንዲህማ አያልቅም» አለችና የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።