ከሆስፒታል የተመለሰ ልጅ

ከፃግብጂ ገጠር ለተነሳ ቤተሰብ የአእምሮ ሕክምና ረጅም መንገድ ነው። ጤና ጣቢያው ወደ ሰቆጣ ይልካል፤ ተኝቶ መታከም ካስፈለገ ደግሞ ጉዞው አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ልጁ ተሽሎት ቤቱ ሲገባ ወላጅ እፎይ ይላል። ትልቁ ጥንቃቄ ግን የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ተኝተው ታክመው በወጡ የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ራስን የመጉዳት አደጋ ከፍ እንደሚል በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚጠብቀው ነርስ የለም፤ ያስጨነቀው ነገር ግን እዚያው ቤት፣ እዚያው ትምህርት ቤት ቆይቶታል።

ጠባይ እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል። ግልፍ ሲለው ሳያስብ የሚያደርግ ልጅ አለ። ትንሽ ቃል ለቀናት የምታቆስላት ሆደ ባሻ አለች። ሌላውን ይቅር እያለች ራሷን የማትምርም አለች። ይህችኛዋን "ጨዋ፣ ጭምት" እያልን ስለምናመሰግናት ሥቃይዋ ሳይታየን ይቀራል። አያቶች፣ ይህን ከማንም ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁና ለሐኪሙ ንገሩ። በአንድ ቀጠሮ ሊያየው አይችልም።

ጠባይ ፍርድ አይደለም። አሜሪካዊቷ ማርሻ ሊነሃን እ.ኤ.አ. በ1961፣ በ17 ዓመቷ፣ ራሷን እየጎዳች የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ ነበር። በኋላ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆና፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስሜታቸውን መግራት የሚማሩበትን ሕክምና አበጀች። የራሷን ታሪክ በአደባባይ የተናገረችው በ2011 ነው።

ልጁን "ራስህን ለመጉዳት ታስባለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ወላጅ ሐሳቡን ያስገባሁበት እንደሆነ ብሎ ይፈራል፤ ጥናቶች ግን መጠየቅ አደጋውን እንደሚጨምር አላሳዩም። "አዎ" ካለ አትቆጡት፣ "ሰይጣን ነው" ብላችሁም አፉን አታዘጉት። ብቻውን ሳትተዉት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒትና የእርሻ ኬሚካል ቁልፍ ውስጥ ይግባ። ጸበል ከሄደም የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ይሂድ፤ ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥ። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚያመጣው ሰው ከወዲሁ ይታሰብ፤ በክረምት መንገዱ የሚያስተማምን አይደለም።